ከጎኗ ያለው ማነው?

ይሄን ነገር ከነሐሴ ጀምሮ ልጽፈው ቁጭ እያልኩ ስተወው ነው የቆየሁት፣ ስጽፈው ራሴን ማጋለጤ ስለማይቀር። ግን ሰው አላስቀምጥ አለኝ። ሁለት ቀን ሳይሞላ አንዱ ሰማይ ላይ የሚያበራ ነገር ቪዲዮ ይልክና "እስኪ ይሄን እይልኝ" ይለኛል፣ ገና ስከፍተው ደሞ ያቺ የ41 ሰከንድ ቪዲዮ ትመጣብኛለች። በቃ ልጻፋትና ልገላገል።

ለማታውቁኝ፣ ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፣ ስራዬ ሰርግ መቅረጽና ኤዲት ማድረግ ነው። ክርስትና፣ መልስ፣ ምርቃት፣ ተስካርም ቀርጬ አውቃለሁ። ሰማይ ቀርጬ አላውቅም። ግን ጥር 2017 ላይ ደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ እየተቆራረሰ የሚነድ ነገር የታየ ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ወይ የጠፈር ፍርስራሽ ወይ ሚቲዮር፣ ማለት ከጠፈር የሚገባ ድንጋይ፣ ሊሆን ይችላል ያለው ጊዜ፣ ቪዲዮዎቹን ቀስ አድርጌ እያየሁ ቻናሌ ላይ ትንሽ ነገር ጻፍኩ። ሚቲዮር ሲገባ በሰከንድ ቢያንስ 11 ኪሎሜትር ይምዘገዘጋል፣ አየሁት ሳትል ያልፋል፣ ከምሕዋር የሚወድቅ ፍርስራሽ ግን በሰከንድ 8 ኪሎሜትር አይሞላም፣ ስብርባሪው ተሰልፎ ሰማዩን በዝግታ ነው የሚያቋርጠው፣ ስለዚህ ይሄ ፍርስራሽ ነው የሚመስለኝ አልኩ። ሰው ወደደው። ከዚያ በኋላ ቪዲዮ የሚያውቅ ሰማይም ያውቃል ተባለና "የሰማይ ኤክስፐርት" ሆኜ ቀረሁ። እኔም አይ አላልኩም፣ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

"11:00 ላይ"

ነሐሴ 6 ቀን 2017 ከሰዓት ላይ የእታለም የልጅ ልጅ ቪዲዮ ላከልኝ። ከስሩ እንዲህ ይላል፣ "ጋሼ ይሄን እየው። 11:00 ላይ እታለም ግቢ በር ላይ ሆኜ ነው የቀረጽኩት። ሰው ፈርቷል።"

እታለም የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴ እታለም ስለምትላት እኛም፣ የልጅ ልጆቿም፣ ጎረቤቱም እታለም ነው የሚላት፣ ደሞ አንቺ ነው የምንላት፣ እርስዎ ብትባል የተቀየምናት ይመስላታል። ቤቷ ከአንኮበር ወረድ ብሎ ነው። በሯ ላይ ቆመህ ወደ ምሥራቅ ካየህ መሬቱ እየወረደ እየወረደ እስከ አፋር ድረስ ተዘርግቶ ይታያል፣ ጉም ከሌለ ማለቴ ነው፣ ነሐሴ ላይ ጉም የሌለበት ቀን ደሞ ፈልገህ አታገኝም።

ቪዲዮው ላይ ጥቁር ሰማይ አለ፣ ከታች የአጥር እንጨትና የባህር ዛፍ ጫፍ፣ ደመናው ክፍት ባለበት ቦታ ደሞ ሁለት ብርሃን ጎን ለጎን፣ አንዱ ተለቅ ያለ ነጭ፣ ሌላው አነስ ያለ። የመጀመሪያውን 6 ሰከንድ ዝም ብለው ቆመዋል። ከዚያ ልጁ ዙም ያደርጋል፣ ያኔ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ሁለቱ ይነፋሉ፣ እንደ ሳንቲም ክብ ይሆናሉ፣ ክቦቹ ይነካካሉ፣ አንድ ይሆናሉ፣ ላያቸው ላይ መስኮት መስኮት የሚመስል ነገር ይወጣል፣ ቀይና አረንጓዴ ብልጭ ይላል፣ ልጁ በአጥሩ በኩል ሲራመድ አብረውት ይራመዳሉ፣ መጨረሻ ላይ ድንገት ድርግም። አለቀ።

ሌሊት ሰማይ ላይ የሚያበራ ነገር ለኛ አካባቢ ሰው ምን እንደሚያስታውሰው አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። በዚያ ላይ ዓመቱን ከታኅሣሥ ጀምሮ ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው የመሬት መንቀጥቀጥ ግድግዳችንን ሲነቀንቀው ነው የከረመው። በዚያ ላይ ፍልሰታ ነው፣ ፆም ነው፣ ሰው ልቡ ወደ ላይ ነው። ስለዚህ "ሰው ፈርቷል" የሚለው ቀልድ አልነበረም።

ልደውልለት ሞከርኩ፣ አይሰራም። ልጁ ቪዲዮውን ለመላክ ኔትወርክ ፍለጋ ተራራ ወጥቶ ነው፣ ልኮ ወረደ፣ በቃ። እኔና ቪዲዮው ብቻችንን ቀረን።

1230 ፍሬም

ኤዲቲንግ ፕሮግራሜ ላይ ጫንኩት። ሰርግ ኤዲት የሚያደርግ ሰው ክሊፕ ሲጭን መጀመሪያ የሚያደርገውን አደረግኩ፣ ድምፁን ዘጋሁ። ይሄ ልማድ ነው፣ ሰርግ ላይ ጥሬው ድምፅ ምን ያደርግልሃል፣ ጩኸትና የጄኔሬተር ጉርምርምታ ነው፣ ዘግተህ ዘፈን ነው የምትጨምርበት። ይህቺን እዚህ ጋ ያዙልኝ።

41 ሰከንድ በ30 ፍሬም 1230 ፎቶ ማለት ነው። አንድ በአንድ አየኋቸው። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ፣ በጎን ደሞ የሚያልቅ የሰርግ ስራ ነበረኝ፣ ሙሽሮቹ ይቅር ይበሉኝ።

አብዛኛው ነገር ለኔ አዲስ አልነበረም። ያ ሳንቲም የሚመስለው ክብ ምን እንደሆነ ካሜራ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል፣ ስልኩ ጨለማ ውስጥ ፎከስ የሚይዝበት ነገር ሲያጣ ሌንሱ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ፎከስ ያጣ የብርሃን ነጥብ ደሞ ይሰፋና የሌንሱን ቀዳዳ ቅርፅ ይይዛል። ሙሽራዋ ከኋላዋ ያሉት የመብራት ጌጦች ድቡልቡል ሆነው ሲታዩ "እንዴት ያምራል" የምትለው እሱን ነው። ሁለት ነጥብ ተጠግተው ካሉ ሁለቱም ሲሰፉ ይደራረባሉ፣ ተዋሃዱ ይባላል። መስኮቶቹም ቪዲዮው ሲጨመቅ የሚመጡ አራት ማዕዘኖች ናቸው፣ ብዙው የስልክ ቪዲዮ የሚጨመቀው ምስሉ 16 በ16 ፒክሰል እየተቆራረጠ ነው፣ ጨለማ ቦታ ላይ ሲሆን ቁርጥራጩ ራሱ ፍንትው ብሎ ይታያል። ቀይና አረንጓዴው ደሞ ከአድማሱ ብዙም ከፍ ያላለ ብርሃን ወፍራም አየር ውስጥ ሲያልፍ የሚሆነው ነው። አብሮት መራመዱንማ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ማታ በመኪና የወጣ ሁሉ ያውቀዋል፣ ጨረቃዋ ከመኪናው ጋር ስትሮጥ ነው የምትወጣው፣ በጣም ሩቅ ያለ ነገር ስለሆነች። አንተ ትንሽ ብትራመድ የአጥሩ እንጨት ወደ ኋላ ይቀራል፣ እሷ አትቀርም።

ድርግም ማለቱም ጉሙ ነው። ክፍተቱ ሲዘጋ ከዳር ጀምሮ እየደበዘዘ ነው የጠፋው፣ በፍሬም ስታየው 20 ፍሬም ገደማ ይፈጃል፣ በዓይን ስታየው "ድንገት" ነው።

እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። ያልተነፋ፣ ዙም ያልተደረገ ምስል ያለው የመጀመሪያዎቹ 6 ሰከንዶች ላይ ብቻ ስለሆነ እነሱን ይዤ ለካሁ። ሁለቱ ብርሃኖች መሀል 18 ፒክሰል አካባቢ አለ። የስልክ ካሜራ በረጅሙ ጎን በግምት 65 ዲግሪ ያያል፣ ቪዲዮው በረጅሙ ጎን 1280 ፒክሰል ነው፣ ስታካፍለው አንድ ዲግሪ 20 ፒክሰል አይሞላም። ስለዚህ መሀላቸው አንድ ዲግሪ እንኳ የለም፣ እጅህን ዘርግተህ ትንሿ ጣትህ የምትሸፍናት ያህል። 6ቱንም ሰከንድ ንቅንቅ የለም። ስለዚህ አውሮፕላን አይደለም፣ ስታርሊንክም አይደለም፣ ስታርሊንክ የሚባሉት የኢንተርኔት ሳተላይቶች ተሰልፈው እየሄዱ ነው የሚታዩት። የቆሙ ናቸው። የቆመ ደሞ ፕላኔት ነው ብዬ ስቴላሪየምን ከፈትኩ፣ የየትኛውንም ቀን የየትኛውንም ሰዓት ሰማይ የሚያሳይ ነጻ ፕሮግራም ነው፣ ቦታ አንኮበር፣ ቀን ነሐሴ 5 ማታ፣ ሰዓት 23:00 ብዬ ሞላሁ።

ለምን 23:00? ልጁ "11:00" ብሏላ። የኛ 11 ከሆነ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፣ ቪዲዮው ግን ጥቁር ነው፣ ስለዚህ የስልኩን ሰዓት ነው የጻፈው፣ የዛሬ ልጅ አይደል፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ማለቱ ነው ብዬ ደመደምኩ። ለመደምደም የፈጀብኝ ሁለት ሰከንድ ነው። ለፍሬሞቹ ሦስት ሌሊት፣ ለሰዓቱ ሁለት ሰከንድ።

ስቴላሪየም በዚያ ሰዓት ምሥራቅ በኩል ሳተርንን ብቻ አሳየኝ፣ አጠገቡ ደሞ ከሞላች ሁለት ቀን ያለፋት ጨረቃ። ሁለት ጎን ለጎን የቆመ ብርሃን የለም። የአውሮፕላኖችን ጉዞ የሚያሳየው ፍላይትራዳር ላይም ምንም የለም። እና አራተኛው ቀን ላይ፣ አሁን ሳስበው ጆሮዬ ይግላል፣ ቻናሌ ላይ እንዲህ ብዬ ለጠፍኩ፣ "ለሦስት ሌሊት መረመርኩት። አውሮፕላን አይደለም፣ ሳተላይት አይደለም፣ በዚያ ሰዓት በዚያ አቅጣጫ እንዲህ ያለ ኮከብም ፕላኔትም የለም። ምን እንደሆነ አይታወቅም።"

በሁለት ቀን ሠላሳ ሺህ ሰው አየው። አንድም ውሸት አልጻፍኩም። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለ23:00 ትክክል ነበር።

ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ

ከሱቄ ቀጥሎ ልብስ የሚሰፋ ወዳጄ አለ፣ ሙስሊም ነው፣ ሻይ ስናስመጣ አብረን ነው የምናስመጣው። ነሐሴ 12 ጠዋት ነው፣ ብርዱ ሌላ ነው፣ ጋቢ ደርቤ ቁጭ ብያለሁ። አንድ ደንበኛ የጥሎሽ ቪዲዮ አምጥቶ ጥሬውን ከነድምፁ እንይ ስላለኝ ድምፁን ከፍቼው ነበር፣ ደንበኛው ሲሄድ ሳልዘጋው ቀረሁ። ወዳጄ ሻዩን ይዞ ሲገባ "ያን የሰማይ ነገርህን አሳየኝ እስኪ፣ ሰው ሁሉ ያወራል" አለኝና ከፈትኩለት።

ስክሪኑን እያየ ሳለ ፊቱ ተለወጠ፣ ግን በብርሃኑ አይደለም። ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አዘነበለ።

"ሌሊት ማን ነው የቀረጸው?" አለኝ።

"ሌሊት ሳይሆን ማታ ነው፣ አምስት ሰዓት ላይ።"

"ማታ የሱብሒ አዛን አለ እንዴ?"

ምን እንደሚል አልገባኝም። መልሶ እንዳጫውተው ነገረኝ። ከነፋሱና ከውሻው ጩኸት ጀርባ፣ በጣም ከሩቅ፣ ከታች ከቆላው መንደር የሚመጣ አዛን አለ። ቪዲዮውን ስንት መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አንዴም ሰምቼው አላውቅም። ወዳጄ ጣቱን አነሳና "ይቺን ስማ" አለኝ፣ "አስሰላቱ ኸይሩን ሚነን ነውም"፣ ሶላት ከእንቅልፍ ይበልጣል ማለት ነው፣ ይቺ ቃል በሌላው አዛን የለችም፣ የንጋቱ ላይ ብቻ ነው የምትባለው።

ክው ብዬ ቀረሁ። 11:00 የስልክ ሰዓት አልነበረም። የኛው 11 ነው፣ ግን የንጋቱ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት። ልጁ ለዘመዱ፣ ለሐበሻ፣ በሐበሻ ሰዓት ነው የጻፈው፣ "ማታ" የሚል ቃልም አልጻፈም፣ እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እኔ በዚያ ሰዓት ተነስቼ ስለማላውቅ ሰዓቱ ራሱ መኖሩን ረስቼዋለሁ መሰለኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እንዲህ ነው።

ስቴላሪየም ላይ ነሐሴ 6፣ 5:00 ብዬ ሞላሁ። ወደ ምሥራቅ ስዞር፣ ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ሰሜን ያዘነበሉ፣ ከአድማሱ ከፍ ብለው፣ ቬነስና ጁፒተር ጎን ለጎን ቁጭ ብለዋል። መሀላቸው አንድ ዲግሪ አይሞላም። 18 ፒክሰሌ። ለካ እነዚህ ሁለቱ በዓመቱ በጣም የተቀራረቡባት ማለዳ እሷው ነች፣ ተቀራረቡ ስል ለዓይን ነው እንጂ ጁፒተር ከቬነስ ከአራት እጥፍ በላይ ይርቃል። ሳምንቱን ሙሉ በየቀኑ ሲጠጋጉ ነበር፣ ግን ክረምት ነው፣ አንኮበር ምሥራቁ በጉም ተዘግቶ ነው የሰነበተው፣ ያን ቀን ጉሙ ሲከፈት ሲጠጋጉ ያላየ ሰው ሁለት ሆነው አገኛቸው።

ወዳጄ ሻዩን ጨርሶ ሄደ። እኔ ግን ሌላም ነገር አየሁ። የአጥሩ እንጨት ጥላ አለው፣ ደብዘዝ ያለ፣ ብርሃኑን ስጨምረው የሚታይ፣ የወደቀውም ወደ ፊት፣ ወደ ብርሃኖቹ በኩል ነው። ይሄን ጥላ በሁለተኛው ሌሊት አይቼው "ከኋላ ያለ የቤት መብራት ነው" ብዬ አልፌዋለሁ። ከኋላ የነበረችው ጨረቃ ናት፣ ከሌሊቱ 11 ላይ ወደ ምዕራብ ዞራለች። 23:00 ቢሆን ኖሮ ምሥራቅ ስለምትሆን ጥላው ወደ ቀራጩ ነበር የሚመጣው። ሰዓቱ መሬቱ ላይ ተጽፎ ነበር። እኔ ግን ሰማዩን አፍጥጬ እያየሁ ነው።

ይሄ የኔ ብቻ በሽታ እንዳልሆነ ላጽናና ራሴን። በ2015 በፈረንጆቹ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪ የቀረጸው፣ ጎፋስት የሚባለው ቪዲዮ አለ፣ አንዲት ነጭ ነገር ባሕሩን ታክካ ስትበር ነው የምታሳየው፣ የሰው አፍ ነው የተከፈተው። በ2023 የናሳ ኮሚቴ ቁጭ ብሎ ሲያሰላው ነገሩ ባሕሩን ታክኮ ሳይሆን 4 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ፍጥነቱም በሰዓት 64 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ ከኛ ሚኒባስ አይበልጥም። የሚሮጠው ጄቱ ነበር። ደስ ያለኝ ደሞ ያሰሉበት መንገድ ነው፣ ነጯን ነገር ስላጎሏት አይደለም፣ ስክሪኑ ዳር ላይ ያሉትን ቁጥሮች፣ ከፍታውን፣ ካሜራው የዞረበትን ማዕዘን፣ ርቀቱን ወስደው ነው። ማንም የማያያቸው የዳር ቁጥሮች። ነጯን ነገርማ ብታጎላት ብታጎላት ነጭ ነገር ናት፣ በሰማይ ላም አለኝ፣ ወተቷንም አላይ።

የድምፁ ሰባተኛ ሰከንድ

ያን ቀን ማታ ሱቁን ዘግቼ ኢርፎን አድርጌ ቪዲዮውን ስክሪኑን አጥፍቼ ሰማሁት። ድምፁን ብቻ። ውሻ። ነፋስ። አዛኑ ይሰማል። ከዚያ የሴት ድምፅ፣ ጎረቤት መሰለችኝ፣ "እመቤቴ ድረሺልን" ትላለች። ከዚያ ሰባተኛው ሰከንድ ላይ ገና ዙም ሲጀመር፣ የእታለም ድምፅ፣ ምንም ሳትቸኩል፣

"አጥቢያ ኮከቧማ ያችው ናት። ከጎኗ ያለው ማነው ግን?"

መልሼ ሰማሁት። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም።

አውቃታለች። ቬነስን ታውቃታለች፣ ሃምሳ ዓመት ለኪዳን ስትነሳ እያየቻት ነው የኖረችው፣ የምትጠፋበትንና የምትመለስበትን ጊዜ ታውቃለች፣ አንዳንዱ ዓመት ማታ ላይ ወደ ምዕራብ እንደምትዞርም ታውቃለች። ጥያቄዋ "ይሄ ምንድነው" አልነበረም። ጥያቄዋ የሁለተኛው ነበር፣ ያም ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ሰማይ የሚያጠና ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ። እኔ ደሞ ድምፁን ዘግቼ 1230 ፎቶ አየሁ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል።

ማረሚያ ጻፍኩ። አራት መቶ ሰው አየው፣ ሠላሳ ሺውማ "አይታወቅም" የሚለውን ይዞ ሄዷል። አንዳንዱ ጭራሽ "አስገድደውት ነው የካደው" ብሎ ኮመንት ላይ ጻፈ፣ ማን እንደሚያስገድደኝ እንጃ፣ ልብስ ሰፊው ይሆን?

ግን ከዚያ ሁሉ ያመመኝ ሌላ ነው። ነሐሴ 14 ላይ ኔትወርክ መጣና ልጁ ደወለ። ስለ ሰዓቱ ጠየቅኩት፣ "አዎ ንጋት 11፣ እታለምን ለኪዳን ሳደርሳት" አለኝ፣ እንደ ተራ ነገር። ከዚያ "እታለም ግን ካንተ ጽሑፍ በኋላ ሌሊት አትወጣም" አለኝ። እንዴት? ጎረቤቶቹ ጽሑፌን አንብበውላታል። "እሱ የተማረው ካላወቀው እኔ አሮጊቷ ምን አውቄ ነው አጥቢያ ኮከብ ናት ያልኩት" ብላለች። አምስት ቀን፣ ያውም በፍልሰታ፣ ኪዳን ቀርታለች። ሃምሳ ዓመት የምታውቃትን ኮከብ እኔ አጠራጠርኳት።

ስልኩን እንዲሰጣት ነገርኩት። "እታለም፣ ያየሻት አጥቢያ ኮከብ ናት፣ ልክ ነሽ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። "እኔማ ብዬ ነበር" አለች። ከዚያ ወዲያው፣ "ከጎኗ ያለውስ?"

ስለ ከተማችን ስም

ይሄ ሁሉ ከሆነ በኋላ የምኖርበትን ከተማ ስም በሌላ ጆሮ ነው የምሰማው። ታሪኩን ለናንተ መንገር አያስፈልግም፣ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ እሳቸው የቀጧቸው መነኮሳት ደቂቀ እስጢፋኖስ፣ ከዚያ ሰማይ ላይ የታየው ብርሃን፣ ደብረ ብርሃን። ልጅ ሆነን በቃላችን የምንወጣው ነው። ምን እንደነበር ሲጠየቅ አንዳንድ የታሪክ ሰዎች በፈረንጅ 1456 የታየችው የሃሌይ ኮሜት ናት ይላሉ፣ ያቺ በየ76 ዓመቱ ገደማ የምትመጣዋ፣ በ1986 ታይታ የነበረችው። ሌሎቹ ደሞ አይ፣ ብርሃኑ የታየበት ቀን ከኮሜቷ ቀን ጋር አይገጥምም፣ ብርሃኑ ይቀድማል ይላሉ።

እኔ በየትኛውም ወገን የምቆምበት እውቀት የለኝም። ስለ ብርሃኑ ምልክትነት የሚያምን ሰውንም ልከራከር አይደለም፣ አያቴም እንደዚያ ነበር የምትነግረን። ግን ልብ ያልኩት ከአምስት መቶ ሰባ ዓመት በኋላም ክርክሩ የተንጠለጠለው የት ላይ እንደሆነ ነው። ብርሃኑ ስንት ያህል ነበር፣ ምን ይመስል ነበር የሚለው ላይ አይደለም። መቼ ነበር የሚለው ላይ ነው። የዜና መዋዕል ጸሐፊው ቀኑን መዝግቦ ባያልፍ ኖሮ ክርክሩም አይኖርም ነበር፣ ሁሉም የፈለገውን ይል ነበር፣ እንደ ሠላሳ ሺው ሰው።

አሁን ቪዲዮ የሚልክልኝን ሰው ቪዲዮውን ከመክፈቴ በፊት አስቸግረዋለሁ። በየትኛው አቆጣጠር ነው ሰዓቱ፣ ማታ ነው ንጋት፣ ቤተክርስቲያኑ በየት በኩል ነበር፣ አብሮህ ማን ነበር፣ እሱስ ምን አለ። ብዙዎቹ ይሰለቻሉ፣ "ቪዲዮውን ብቻ እየው እንጂ ምን አስጠየቀህ" ይሉኛል። ከኋላ የሚወራ ሰው ካለ ግን መጀመሪያ የምሰማው እሱን ነው። ባለፈው አንዱ የላከው ላይ አንድ ሕፃን "ይሄማ የአጎቴ ባትሪ ነው" እያለ ይጮኻል፣ ማንም አልሰማውም፣ ቪዲዮው ግን ሦስት ግሩፕ ዞሯል።

እንቁጣጣሽ

ለእንቁጣጣሽ እታለም ጋ ወረድኩ። ዋዜማውን ችቦ አብርተን፣ አምሽተን፣ ገና እንቅልፍ ወስዶኝ ሳለ ጋቢዬን ሳበችው። ንጋት 11 ሰዓት አልፏል። "ተነስ፣ ጉም የለም" አለችኝ።

ወጣን። ሣሩ እርጥብ ነው፣ አደይ አበባው ጨለማ ውስጥ አይታይም ግን ይሸታል። ከታች የቆላው አዛን አብቅቶ ዝም ብሏል። አጥቢያ ኮከብ ዝቅ ብላ አፋር ላይ ተንጠልጥላለች፣ ብቻዋን። እታለም ዙሪያዋን ፈለገች፣ በቀኝ በግራ።

"ሄዷል" አለች።

ክንዴን ዘርግቼ በጭብጤ ለካሁላት፣ ከኮከቧ ተነስቼ ወደ ላይ፣ አንድ ጭብጥ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያም ትንሽ አለፍ። "ያውልሽ፣ እሱ ነው፣ ያው ላይ ወጥቷል።"

ቀና ብላ ብዙ አየችው። ነጠላዋን አጣፋች።

"መንገደኛ ኖሯላ" አለችና በሩን ከፍታ ወደ ቤተክርስቲያኑ ወረደች፣ እኔ ባትሪውን ይዤ ከኋላ።